ጥቁር ውሃ፣ የገማ እንቁላል ሽታ፣ የተበሳ ቧንቧ፦ ብረት በሊታ ባክቴሪያን በእጽዋት ዘይት ለመቆጣጠር ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው በባሕረ ሰላጤው አገሮች የነዳጅ መስኮች በኦፕሬተርነት፣ በጥገናና በላቦራቶሪ ለሚሠሩ ወገኖቼ፣ እንዲሁም አገር ቤት የናፍጣ ታንክ ለሚጠብቁ ነው። ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የቀረፋ ወይም የጦስኝ ዘይት ባክቴሪያውን ይገድላል ይባላል፣ እኛ ብንጨምረው ለምን አልሠራም? ዘይቱስ ይገድላል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከእሱ በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ነው። ከምልክቱ እንነሳ።

ከሁሉ በፊት ግን ባክቴሪያው ስለሚያስወጣው ጋዝ። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ በትንሹ ሲኖር የገማ እንቁላል ይሸታል። ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 100 እጅ) ሲጠጋ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከዚያ በላይ ሲሄድ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። የጋዝ መለኪያ ደረታችሁ ላይ ሳይኖር፣ ሁለተኛ ሰው ከውጭ ሳይቆም ታንክ አትክፈቱ። የወደቀ ባልደረባን ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ዘሎ የገባ ሰው አብሮት የቀረበት አደጋ በዚህ ሙያ ተደጋግሞ የታየ ነው። ከታንክና ከቧንቧ የሚወጣው ጥቁር አተላም የራሱ አደጋ አለው፤ ደርቆ አየር ሲያገኝ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። እስኪወገድ ድረስ እርጥብ አድርጋችሁ ያዙት።

ምልክት፦ ከታንኩ ወይም ከሴፓሬተሩ (ድፍድፍን ከውሃ ከሚለየው ዕቃ) ሥር የሚወጣው ውሃ ጠቁሯል፣ ይገማል

ድፍድፍ ነዳጅ ከጉድጓድ ሲወጣ ውሃ አስከትሎ ነው። ውሃው ስለሚከብድ ታንክ ውስጥ ከሥር ይተኛል፤ ቧንቧ ውስጥም ፍሰቱ ሲዳከም ወለሉ ላይ ይጋደማል። እዚያ ኦክስጅን የለም። ኦክስጅን በሌለበት በሰልፌት (ውሃ ውስጥ በሟሟ የድኝ ጨው) የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ግን አሉ፤ ሆላንዳዊው ቤይሪንክ ያገኛቸው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። እነሱ የሚያስወጡት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ብረቱን ሲያገኝ አይረን ሰልፋይድ ይሆናል፤ ጥቁሩ ቀለም ይኸው ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 2,700 ሚሊግራም ገደማ ሰልፌት ይዟል። ስለዚህ ግፊት ለመጠበቅ ብሎ የባሕር ውሃ ወደ ከርሰ ምድር የሚገፋ መስክ ባክቴሪያውን በገዛ እጁ ይቀልበዋል።

ለማረጋገጥ የተለመደው መንገድ የማሳደጊያ ጠርሙስ ነው። ከናሙናው 1 ሚሊሊትር በንጹህ ሲሪንጅ ትወስዱና 9 ሚሊሊትር ምግብ ወዳለበት የመጀመሪያው ጠርሙስ ትጨምራላችሁ። ነቅንቃችሁ፣ በአዲስ ሲሪንጅ ከዚያ 1 ሚሊሊትር ወደ ሁለተኛው፣ እያለ ይቀጥላል። እስከ አራተኛው ድረስ ከጠቆረ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ከ1,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ አለ ማለት ነው። 28 ቀን ጠብቁ። የጠርሙሱ ጨዋማነትና የምታስቀምጡበት ሙቀት ከመስኩ ውሃ ጋር ካልተመሳሰለ ግን ባክቴሪያው እያለ ጠርሙሱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ስህተት ብዙ ሰው "ንጹህ ነን" ብሎ ተኝቷል።

መፍትሄው ከኬሚካል አይጀምርም። ውሃውን አፍስሱ፣ አተላውን አውጡ። ከዚያ በኋላ ነው መድኃኒት የሚባለው።

ምልክት፦ ቧንቧው ከላይና ከጎን ደህና ነው፣ ከወለሉ ግን ተበሳ

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፤ ይህ ዝገትም እንደዚያው ነው። ግፊቱ ደህና፣ ፍሰቱ ደህና፣ የግድግዳው አማካይ ውፍረትም ደህና ሆኖ ሳለ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠልቆ ይቆፍራል። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ዝቃጭ የተኛበት ወለል፣ ፍሰት የሌለው ቅርንጫፍ ወይም የመስመሩ ዝቅተኛ ነጥብ ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2006 በአላስካ ፕሩዶ ቤይ መስክ የደረሰው ነገር ለሁላችን ትምህርት ነው። 34 ኢንች ስፋት ያለው የድፍድፍ መስመር ከወለሉ ተበስቶ ከ200,000 ጋሎን በላይ በረዷማው ምድር ላይ ፈሰሰ። ፍሰቱ የቀዘቀዘ፣ ዝቃጭ የተጠራቀመበት መስመር ነበር፤ ባክቴሪያም ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በዚያ መስመር ውስጥ የማጽጃ ፒግ (በፍሰቱ እየተገፋ የቧንቧውን ውስጥ የሚጠርግ መሣሪያ) ለመጨረሻ ጊዜ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር።

የተቆረጠ ቧንቧ እጃችሁ ከገባ ከማጠባችሁ በፊት ተመልከቱት። ኦክስጅን የበላው ቀይ ቡናማ ዝገት አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበላው ደግሞ ግራጫ ቅርፊት ይዞ ጠርዙ ቀጥ ያለ ሰፋፊ ገበታ ይመስላል። የባክቴሪያው ጥቁር ልጥልጥ ነገር ነው፤ በጨርቅ ሲጠረግ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ብረትና ክብ ጎድጓዳ ይታያል፣ አንዱ ጎድጓዳ ሌላው ውስጥ ገብቶ። በቅርጽ ብቻ ግን አትፍረዱ። ከጥቁሩ ጥቂት ቆንጥራችሁ፣ አየር በሚያስወጣ ጓዳ ውስጥ፣ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ አድርጉበት። በሊድ አሲቴት የተነከረ ወረቀት ከላዩ ሲያዝ ከጠቆረ ሰልፋይድ አለ። ሰልፋይዱ ከራሱ ከጉድጓዱም ሊመጣ ስለሚችል የጠርሙሱን ውጤት አብራችሁ አንብቡ።

መፍትሄ፦ ፒግ በተወሰነ ጊዜ ማሳለፍ፣ ሞተው የቀሩ ቅርንጫፎችን መቁረጥ ወይም በየጊዜው ማጠብ። ፒጉ ይዞት የወጣውን ጥቁር አተላ አትጣሉት፤ ከእሱ የሚወሰድ ናሙና ከውሃው ናሙና በጣም ይበልጣል።

ምልክት፦ የእጽዋት ዘይቱ በላቦራቶሪ ገደለ፣ በመስኩ ግን ለውጥ የለም

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

በላቦራቶሪ ገደለ ሲባል እውነት ነው። የቀረፋው ሲናማልዲሃይድ፣ የቅርንፉዱ ዩጂኖል፣ የጦስኙ ካርቫክሮልና ታይሞል፣ የጠጅ ሳሩ ሲትራል ሁሉም የባክቴሪያን ሽፋን የማፍረስ ወይም ፕሮቲኑን የማሰናከል አቅም አላቸው። ዴሱልፎቪብሪዮ አላስኬንሲስ የሚባለው ባክቴሪያ አላስካ ውስጥ ሰልፋይድ ከጀመረው የነዳጅ መስክ የተለየ ነው፤ ብራዚል ውስጥ ተመራማሪዎች የጠጅ ሳር ዘይት ይህንኑ ባክቴሪያ እንደሚገታ አሳይተዋል። በእኛ ደጋ ብቻ የሚበቅለው ጦስኝም በካርቫክሮልና በታይሞል የታወቀ ነው። ይህን ሀብት በቁም ነገር ማጥናት አለብን ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ መስኩ ላይ ምን ሆነ? አንደኛ፣ ቅባት ወደ ቅባት ሄደ። ቅቤ ስናነጥር ኮሰረቱና ኮረሪማው ሽታቸውን ለማን ይሰጣሉ? ለቅቤው ነው፤ ከሥር የቀረው አጓት ያን ያህል አይሸትም። ካርቫክሮልም እንደዚያው ነው። ድፍድፍና ውሃ አብረው ባሉበት መስመር ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ከድፍድፉ ጋር ይሄዳል፣ ባክቴሪያው የሚኖረው ደግሞ ውሃው ውስጥ ነው። በላቦራቶሪው ጠርሙስ ድፍድፍ አልነበረም።

ራሳችሁ እዩት። በሁለት ጠርሙስ የመስኩን ውሃ ቅዱ፤ በአንዱ ላይ ብቻ ድፍድፍ ጨምሩበት፣ መጠኑ በመስመሩ ውስጥ እንዳለው ይሁን። ለሁለቱም እኩል የእጽዋት ዘይት ሰጥታችሁ ነቅንቁና ተዉአቸው። ከ4 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ከውሃው ክፍል ወስዳችሁ ወደ ማሳደጊያው ጠርሙስ አሳልፉ። ድፍድፍ ያለበት ቶሎ ከጠቆረ መድኃኒቱ የት እንደሄደ አወቃችሁ። ሻጭ ሲመጣም ከሁሉ በፊት ይህን ፈተና በፊታችሁ እንዲያደርግ ጠይቁት።

ሁለተኛው ምክንያት ባዮፊልም ነው። ባክቴሪያው ውሃ ውስጥ ሲዋኝ አይደለም ብረት የሚበላው፤ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ፣ በራሱ ልጋግ ተሸፍኖ ነው። በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ከሚዋኘው ወንድሙ በአስርና በመቶ እጥፍ የበለጠ መድኃኒት ሊቋቋም ይችላል። ለተለመዱት ባዮሳይዶች (ባክቴሪያ ገዳይ ኬሚካሎች)፣ ለግሉታራልዲሃይድም ሆነ ለቲኤችፒኤስ፣ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ በመንገድ አለቀ። ሲናማልዲሃይድ አልዲሃይድ ስለሆነ ከአሚን ውህዶች ጋር ይጣመራል። ብዙ የዝገት መከላከያ ኬሚካሎች አሚን ናቸው። ሁለቱ በአንድ ነጥብ ከገቡ ሁለቱንም ታጣላችሁ።

መፍትሄው ከምክንያቶቹ ይወጣል። ዘይቱን ድፍድፉ ከተለየ በኋላ፣ በውሃው መስመር ላይ አስገቡት፤ ለምሳሌ ተመልሶ ወደ ከርሰ ምድር በሚገፋው ውሃ ውስጥ። ውሃ ውስጥ እንዲበተን በኢመልሽን መልክ (በጥቃቅን ጠብታ ከውሃ ጋር ተደባልቆ) የተዘጋጀውን ምረጡ። ፒጉ ካለፈ በኋላ፣ ልጋጉ ገና ሳይታደስ፣ በአንድ ጊዜ በብዛት ስጡ፤ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ማድረግ አያዋጣም። ከአሚኑ መግቢያ አርቁት። ለብቻው የማያስተማምን ከሆነ ደግሞ ከተለመደው ባዮሳይድ ጋር አጣምራችሁ የባዮሳይዱን መጠን መቀነስ ይቻል እንደሆነ ፈትኑ። በእኔ ግምት የእጽዋት ውህዶች ቀዳሚ ቦታ ይህ ነው፤ መርዙን መቀነስ። ግሉታራልዲሃይድ ቆዳንና ሳንባን እንደሚጎዳ በእጁ የነካው ሁሉ ያውቃል፤ ያንን በርሜል የሚከፍተው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኛው ልጅ ነው።

ምልክት፦ ቁጥሩ ወረደ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመለሰ

መጠኑ አንሷል፣ ወይም የሞተ ቅርንጫፍ ውስጥ የተደበቀው መልሶ ዘርቷል። የእጽዋት ውህዶች በተፈጥሮ ይፈርሳሉ፤ ለአካባቢው ጸጋ ነው፣ ለእናንተ ግን ውጤቱ አጭር ነው ማለት ነው። ይባስ ብሎ ሳይገድል የቀረው ዘይት ለሌሎች ባክቴሪያዎች ምግብ ሊሆን ይችላል። በትንሹ አታባብሉት።

ከርሰ ምድሩ ራሱ ሰልፋይድ ከጀመረ ግን የትኛውም ዘይት እዚያ ድረስ አይደርስም። በሰሜን ባሕር በኖርዌዩ ጉልፋክስ መስክ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ናይትሬት ከሚገፋው ውሃ ጋር ይጨመር ነበር፤ በናይትሬት የሚተነፍሱት ባክቴሪያዎች ይበዙና የሰልፌቱን ጎረቤት ምግብ ይሻሙታል። መርዝ ሳይሆን ተፎካካሪን መቀለብ ነው።

ምልክት፦ ላስቲኩ አበጠ፣ ድፍድፍና ውሃ አልለይ አለ

የእጽዋት ዘይት ላስቲክን ሊያሳብጥ ይችላል፤ የኦሪንግ (የማሸጊያ ላስቲክ ቀለበት) ቁራጭ ለሳምንት ነክራችሁ ሳትለኩ አትጀምሩ። አልለይ ያለው በኢመልሽን ማዘጋጃው ነው፤ መጠኑን ቀንሱ ወይም መግቢያውን ከሴፓሬተሩ በኋላ አዙሩት።

ምልክት፦ አገር ቤት፣ የጄኔሬተሩ ፊልተር ቶሎ ቶሎ ይደፈናል

አንድ ተቋም ውስጥ በአንድ ወር ሦስት ፊልተር የቀየረ ጄኔሬተር እንዳይ ተጠራሁ። ፊልተሩን ስፈታው ቀዝቅዞ ቆዳ ያወጣ አጥሚት የሚመስል ቡናማ ነገር በጣቴ ላይ ተጎተተ። ሰዎቹ ናፍጣው ተበረዘ ብለው ሻጩን ጠርጥረው ነበር። ከታንኩ ሥር ስናፈስ ግን ሁለት ባልዲ የሚጠጋ ውሃ ወጣ። ግማሹ ባዶ የሆነ ታንክ ቀን ያስገባው እርጥብ አየር ሌሊት ይቀዘቅዝና ጠል ይሆናል። በውሃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ ሆርሞኮኒስ ረዚኔ የሚባለው ሻጋታና ባክቴሪያዎች ይበቅላሉ።

እዚህ ጋ የጦስኝ ዘይት ናፍጣ ውስጥ አትጨምሩ። ሁሉም ናፍጣው ውስጥ ይቀራል፣ ውሃው ዘንድ አይደርስም፤ ለሞተሩም የተፈተነ ነገር አይደለም። ውሃውን በየሳምንቱ ከሥር አፍስሱ፣ ታንኩን ሙሉ አድርጋችሁ አቆዩ፣ የቆሸሸውን ናፍጣ አጣርታችሁ ታንኩን እጠቡ፣ አስፈላጊ ከሆነም ለናፍጣ የተሠራ ባዮሳይድ በመመሪያው ልክ ተጠቀሙ። ከመድኃኒቱ በኋላ የሞተው ልጋግ ተላቆ ስለሚመጣ ሁለት ትርፍ ፊልተር አጠገባችሁ ይኑር። ከሳምንት በኋላ ከታንኩ ሥር በግልጽ ብርጭቆ ቅዱና ብርሃን ላይ ያዙት፤ በናፍጣውና በውሃው መሐል ቡናማ መጋረጃ ካለ እንደገና ከማፍሰሱ ጀምሩ።