የጌይሊክ ስም ለልጅ ሲመረጥ፦ ከፊደሉ እስከ ልደት ምዝገባው

የጌይሊክ (የአየርላንድና የስኮትላንድ ነባር ቋንቋዎች) ስሞች የሚያስፈሩት በእንግሊዝኛ ሕግ ስለሚነበቡ ነው። የራሳቸው ሕግ ግን ከእንግሊዝኛው ይልቅ የታመነ ነው፤ አንዴ የያዘው ሰው አይቶት የማያውቀውን ስም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ያነባል። ከአየርላንድ ወይም ከስኮትላንድ ሰው ጋር ተጋብታችሁ ለልጃችሁ ከዚያ ወገን ስም ካሰባችሁ፣ ከትርጉም ዝርዝር በፊት ፊደሉን ልመዱ። ከዚህ በታች የላቲን ፊደላት በእንግሊዝኛ መጠሪያቸው ይጠራሉ፦ «ኤ» የገበታው አንደኛ፣ «ኢ» አምስተኛ፣ «አይ» ዘጠነኛ ፊደል ነው።

1. የትኛው ጌይሊክ?

የአየርላንዱና የስኮትላንዱ ቋንቋ ዘመዳማቾች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ኒቭ፣ ኢፈና ሺቮን ከአየርላንድ ናቸው፤ ኤይሊ ከስኮትላንድ ናት። አናባቢ ላይ የሚወጣው ጭረት በአየርላንዱ ወደ ቀኝ፣ በስኮትላንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሁለቱን ቀላቅሎ መጻፍ ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይታያል። እዚህ የሚበዛው የአየርላንዱ ነው።

2. አንዱን አጻጻፍ ያዙ

አንድ ስም ብዙ ጊዜ ሦስት ልብስ አለው፦ የድሮው፣ የተቃለለውና እንግሊዝኛ የወረሰው። ሜይቭ በድሮው ሰባት ፊደል ነው፤ «ኤም፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤች፣ ቢ፣ ኤች»። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ተጀምሮ በ1958 ይፋዊ መለኪያ የወጣለት የአጻጻፍ ማሻሻያ መሀል ላይ ያሉ ድምፅ አልባ ፊደላትን ብዙ ቦታ አስወጥቷል፤ ስለዚህ አሁን በአምስት ፊደል የሚጽፉት አሉ። እንግሊዝኛው ደግሞ የራሱ አለው። ከሦስቱ የትኛውም ያስኬዳል።

የማያስኬደው አራተኛው፣ ቤት ውስጥ የሚፈጠረው ነው። ኪቨ የሚለውን ስም «ኬ፣ ኢ፣ ኢ፣ ቪ፣ ኤ» ብለው የሚጽፉ አሉ። የአይሪሽ (የአየርላንዱ ጌይሊክ) ባህላዊ ገበታ አሥራ ስምንት ፊደል ብቻ ሲሆን «ኬ»ም «ቪ»ም የሉበትም። አየርላንዳዊው እንደ ስህተት ያየዋል፤ ሌላው ሰው ያው እንዴት እንደሚጻፍ መጠየቁን አይተውም።

«ጥንታዊ» የሚለውንም አጣሩ። ኒቭ፣ ግሮኘና ሳይቭ ከድሮ ተረቶች የመጡ ናቸው። ሲርሸ (ነጻነት) ግን ለሰው መጠሪያ መሆን የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፊየ የሚለው ስምም እ.ኤ.አ. በ2021 በአየርላንድ ለሴት ልጆች ከተሰጡ ስሞች ሁሉ አንደኛ ቢወጣም፣ በስምነቱ የቅርብ ጊዜ ነው። ስሞቹ ቆንጆ ናቸው፤ የቅድመ አያት ስም ፈላጊ ግን ሌላ ይፈልግ። የአየርላንድ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የተሰጡ ስሞችን በድረ ገጹ ያሳያል፤ አንድ ስም መቼ ብቅ እንዳለ ለማየት ከየትኛውም የስም መጽሐፍ ይሻላል።

3. ፊደሉን አንብቡ

ሁሉም የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ «ኤች»ን እንደ ፊደል መቁጠር ተዉ። ከፊቷ ያለው ተነባቢ መላላቱን የምታሳይ ምልክት ናት። በድሮው የጌይሊክ ማተሚያ ፊደል በእሷ ምትክ ከተነባቢው በላይ ነጥብ ትደረግ ነበር፤ የላቲኑ ማተሚያ ሲተካው ነጥቧ «ኤች» ሆነች፣ ቃሉም ረዘመ። «ቢ-ኤች» እና «ኤም-ኤች» ቭ ወይም ው ናቸው። «ቲ-ኤች» እና «ኤስ-ኤች» ህ ብቻ ናቸው፤ ካሃል የሚባለው የወንድ ስም መሀሉ ላይ «ቲ-ኤች» አለው። «ኤፍ-ኤች» ጭራሽ አይሰማም። «ሲ-ኤች» ትግርኛ የሚችል ሰው የሚያውቀው ኸ ነው፤ እንደ እንግሊዝኛው ች ማለት ትልቅ ስህተት ነው። «ዲ-ኤች» እና «ጂ-ኤች» መሀል ሲገቡ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይጠፉና ከፊታቸው ያለውን «ኤ» ወደ አይ ድምፅ (ፊደሉ ሳይሆን «ታይግ» ላይ እንደሚሰማው) ይለውጡታል፤ መጨረሻ ላይ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ብቻውን የቆመ «ሲ» ደግሞ ምንጊዜም ክ ነው፤ ስ የሚሆንበት ጊዜ የለም።

ቀጥሎ አናባቢዎቹ። «ኢ» እና «አይ» ቀጭን፣ «ኤ»፣ «ኦ» እና «ዩ» ወፍራም ይባላሉ። እያንዳንዱ ተነባቢ ከአጠገቡ ባለው አናባቢ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ሕጉም ከተነባቢው በግራም በቀኝም ያሉት አናባቢዎች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ይላል። ስለዚህ በአንድ ስም ውስጥ ካሉት አናባቢዎች ግማሹ ለመነበብ ሳይሆን የጎረቤቱን ተነባቢ ለማቅጠን ወይም ለማወፈር የገባ ነው። «ይህ ፊደል ለምን አይነበብም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ይኸው ነው።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ከእንግሊዛዊ ይሻላል። ቀጭን «ኤስ» ሽ ነው፤ ቀጭን «ኤን» ደግሞ ለኛ ኝ የቀረበ ነው። ሁለቱም ፊደል አላቸው። ግሮኘ የሚለውን ስም እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ንያ» ብሎ በሁለት ድምፅ ሲሰብረው፣ እኛ በአንድ ፊደል እንጽፈዋለን። ጭረት የሌለው የመጨረሻ «ኢ» ወይም «ኤ» እንደ ራብዕ አይከፈትም፤ እንደ ግዕዝ ቤት አጠር ብሎ ያልቃል። ስለዚህ ኢፋ ሳይሆን ኢፈ፣ ኪቫ ሳይሆን ኪቨ። (ኢፋ ብትሉም አይከፋም፤ በኦሮሞ ዘንድ ያለ ስም ስለሆነ አያት በቀላሉ ይይዙታል።)

አሁን በሥራ ላይ እንየው። «ኤስ፣ አይ፣ ኦ፣ ቢ፣ ኤች፣ ኤ፣ ኤን»፦ «ኤስ» ከ«አይ» ጎን ስላለ ሽ ይሆናል። «ኦ» የገባው «ቢ-ኤች»ን ለማወፈር ነው፤ አይነበብም። ወፍራም «ቢ-ኤች» እንደ አካባቢው ቭ ወይም ው ነው፤ ጭረት ያለባት «ኤ» ደግሞ ብዙ ቦታ እንደ ረጅም ኦ ትሰማለች፤ ስለዚህ በብዛት ሺቮን፣ ሰሜን ላይ ደግሞ ሺዋን ይሰማል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

«ሲ፣ ኤ፣ ኦ፣ አይ፣ ኤም፣ ኤች፣ ኢ»፦ «ሲ» ክ፣ ሦስቱ አናባቢ ተጣምረው ረጅም ኢ፣ «ኤም-ኤች» በቀጭኖች መሀል ስለሆነ ቭ። ኪቨ። ሰሜን ላይ ኩዊቨ ይሏታል።

«ቲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤች፣ ጂ»፦ ታይግ። «ኤስ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤች፣ ቢ፣ ኤች»፦ ሳይቭ፤ «ኤስ» ከወፍራም ጎን ስለሆነ ሽ አልሆነም። እነዚህን አራት ስሞች ያለ እገዛ ማንበብ ከቻላችሁ ሌላውን አትፍሩት።

4. በጆሮ አረጋግጡ

የስልክ እንግሊዝኛ አንባቢን አትጠይቁ፤ በእንግሊዝኛ ሕግ ያነበዋል። የስም ዝርዝር ድረ ገጾች በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉት አነባበብም ረጅምና አጭሩን፣ ቀጭንና ወፍራሙን ያደበላልቃል። ደብሊን ያለው የትሪኒቲ ኮሌጅ «አባር» የሚባል በአይሪሽ የሚያነብ መሣሪያ አለው፤ ስሙን ጽፋችሁ በሦስቱ ዋና ዋና ዘዬዎች፣ በኮናኽት፣ በሙንስተርና በአልስተር፣ መስማት ትችላላችሁ። ሙንስተር ላይ ረጅሙ ሁለተኛ ክፍለ ቃል ጠብቆ ይወጣል፣ ሌላው ቦታ የመጀመሪያው፤ ሮሺን የሚለው ስም ሁለት ዓይነት የሚሰማው ለዚህ ነው። የትኛውን እንደምትይዙ የአማት ቤት ይወስን።

5. ጠርታችሁ ሞክሩት

ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። በጌይሊክ ሰው ሲጠራ ስሙ ይለወጣል፦ ከፊቱ «አ» ይገባል፣ የመጀመሪያው ተነባቢ ይላላል፣ የወንድ ስም ከሆነ ብዙ ጊዜ መጨረሻውም ይቀጥናል። ሺቮን ስትጠራ «አ ሂቮን» ናት። ሼይመስ የተባለው ሰው «አ ሄይሚሽ» ተብሎ ይጠራል፤ ስኮትላንድ ውስጥ ሄይሚሽ ራሱን የቻለ ስም የሆነው ከዚህ ጥሪ ነው። ከማሪ የመጣችው ቫሪም እንዲሁ። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛና አማርኛ ብቻ ከሆነ አያስጨንቅም። ልጁ በአይሪሽ የሚያስተምር ጌልስኮል ከገባ ግን ሌላ ስም የሚመስል ነገር ይሰማል። ይህን ካልፈለጋችሁ በአናባቢ፣ በ«ኤል»፣ በ«ኤን» ወይም በ«አር» የሚጀምር ምረጡ፤ ኢፈ፣ ኒቭ፣ ሮሺን ሲጠሩ መነሻቸው በጽሑፍ አይነካም።

6. ጭረቱና ወረቀቱ

አናባቢውን የሚያረዝመው ጭረት ፋደ ይባላል፤ ጌጥ አይደለም። ሾን የሚለው ስም ፋደው ሲወድቅ «ሻን» ተብሎ ይነበባል፣ ትርጉሙም አሮጌ ነው። ስልክ ላይ አናባቢውን ተጭኖ መያዝ ያወጣዋል። በልደት ምዝገባው ቅጽ ላይ ከነፋደው ጻፉ፣ ከመፈረማችሁ በፊትም በስክሪኑ ላይ እንዳለ አይታችሁ አረጋግጡ፤ በኋላ ማስተካከል ከወረቀት ወደ ወረቀት ያንከራትታል። አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ጭረት አይቀበሉም፤ እዚያ የምትወልዱ ከሆነ ያለ ፋደ የማይበላሽ ስም ያዙ። ፓስፖርት ላይ በማሽን የሚነበቡት ሁለቱ የታች መስመሮች ጭረት ስለማይዙ፣ የአውሮፕላን ቲኬት ያለ ፋደ መሆኑ ችግር የለውም።

ምዝገባው አየርላንድ ውስጥ በሦስት ወር፣ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ በ42 ቀን፣ በስኮትላንድ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ስሙን ከመውለዳችሁ በፊት ጨርሱ።

ሁለተኛ ስም ላይ፦ የአባት ስም አበሻዊ ከሆነ የሚለወጥ ነገር የለም። የቤተሰቡ ስም ጌይሊክ ከሆነ ግን ለሴት ልጅ ከስሙ ፊት የሚገባው ቃል ይለያል፤ ወንዱ «ኦ» ወይም «ማክ» ሲል፣ ሴቷ «ኒ» ወይም «ኒክ» ትላለች።

በመጨረሻ ስሙን በግዕዝ ፊደል ራሳችሁ ጻፉት፣ ለቤተ ክርስቲያን ለክርስትና፣ ለኢትዮጵያ ወረቀት ሲጠየቅ ያንኑ ስጡ። ላቲኑን ብቻ ያየ ጸሐፊ ሺቮንን «ሲኦብሃን»፣ ኒቭን «ኒያምህ» ማድረጉ አይቀርም፤ አንዴ እንዲህ ከተመዘገበ ደግሞ ወረቀቱ የሁለት ልጅ ይመስላል።