ቀትር ላይ የጠወለገ ችግኝ ሁሉ አልጠማውም

ኮምቦልቻም ሆነ ከሚሴ፣ ባቲም ሆነ ቆቦ፣ ግቢው የጠበበበት ሰው ቃሪያና ቲማቲሙን በቀለም ባልዲና በተቆረጠ ጀሪካን መትከል ይዟል። ደስ ይላል። የሚያናድደው ችግኞቹ በየጊዜው በእነዚያው ስህተቶች መሞታቸው ነው።

ቀትር ላይ ሲጠወልግ ውሃ መቸለስ። ይሄን ማየት ሰልችቶኛል። ከዙህር በኋላ ቅጠሉ ይዝላል፣ ባለቤቱ ይደነግጣል፣ ጆግ ሙሉ ውሃ ይደፋበታል። ቆይ እንጂ! ፀሐይ ስትበረታ ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ ሥሩ ከሚስበው ይበልጣል። ስለዚህ አፈሩ እርጥብ ሆኖም ሊጠወልግ ይችላል። ወደ ማታ ቀና ካለ የጎደለው ጥላ እንጂ ውሃ አይደለም። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ጆጉን መልሱ። ደረቅ ከሆነ ቀትርም ቢሆን አጠጡት፣ ከሥር እስኪንጠባጠብ።

ሥርም አየር ይፈልጋል። ውሃ ያፈነው ሥር ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ አይስብም። ቅጠሉ ይብስበታል፤ ሰውም ይብሱን ያጠጣል። ጎረቤቴን «እትዬ፣ ጠግቧል እኮ» ስላቸው «አይ አንተ! ወላሂ ጠምቶት ነው፤ አንገቱን መድፋቱን አታይም?» አሉኝ። ቲማቲሙ ሞቶ ባልዲውን ስንገለብጠው ሽታው አያስጠጋም። ሥሩ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነኩት ይላጣል። ባልዲው አንድም ቀዳዳ አልነበረውም።

ቀዳዳ ይኑረው። ከታች፣ አራት አምስት ቦታ። ሌላ ምን ልበል?

ዋልካ አፈር ብቻውን መሙላት። ማሳ ላይ ማሽላ ያበቀለ አፈር ባልዲ ውስጥ ሌላ ነው። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያጠጣችሁት ውሃ በስንጥቁና በባልዲው ጠርዝ ወርዶ ሥሩን ሳይነካ ያልቃል። የወንዝ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት፤ ሦስቱም እኩል ቢሆኑ ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። ትኩስ እበት ግን ሥር ያቃጥላል። ለጨቅላ ችግኝ ዩሪያ መበተንም እንደዚያው።

ዕቃውን ፀሐይ ላይ ማስጣት። ሰው ቅጠሉን ያያል፤ የሚቃጠለው ግን ብዙ ጊዜ ከዕቃው ግድግዳ ጋር የተጣበቀው ሥር ነው። ጥቁር ባልዲ፣ ትንሽ ጣሳ፣ በተለይ በቆርቆሮ አጥር ሥር የተቀመጠ ምድጃ ነው። በጆንያ ጠቅልሉት። ትልልቁን ባልዲ ምረጡ፣ አንድ ላይ አጠጋጓቸው፣ ከ6 እስከ 10 ሰዓት የማሽላ አገዳ ዳስ ይጋርዳቸው። ዳሱን አታጥብቁት፤ ጠዋት ፀሐይ ያጣ ችግኝ ቀጥኖ ይረዝምና ይወድቃል። አፈሩን በገለባ ማልበስም ትነቱን ይቀንሳል።

የውዱእ ውሃ ይሆናል። የሳሙና እጣቢና ጨው የነካው ውሃ አይሆንም። ዶሮ ካላችሁ መጀመሪያ አጥር።

ከደሴ ችግኝ ገዝቶ በማግስቱ ከሚሴ ፀሐይ ላይ መትከልስ? ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከሚሴ ከዚያ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ትወርዳለች። መጀመሪያ ጥላ ሥር አቆዩት፤ ቀጥሎ የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ። ሳምንት ይበቃዋል። የሚተከለው አመሻሽ ላይ ነው። በማግስቱ ቢጠወልግ አብሽሩ፤ ጆጉን ከማንሳታችሁ በፊት ጣታችሁን ክተቱ።