ወረዳችሁ ለአየር ንብረት ለውጥ ምን ያድርግ? ከችግኙ በፊት ጎርፉን ተከተሉት

ወረዳ ወይ የትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የምትሰሩ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል ደብዳቤ ከላይ ሲመጣ ወዲያው የሚታሰበው ችግኝ ተከላ ነው፣ ባነር፣ ቲሸርት፣ ካሜራ፣ ከዛ ምሳ። ችግኝ አይተከል እያልኩ አይደለም፣ እሱ ጋር እንመጣለን። ግን በኛ ሀገር የአየር ንብረት ለውጥ ቀበሌ ድረስ ወርዶ ሰው ቤት የሚገባው በውሃ በኩል ነው፣ ወይ ሲበዛ ወይ ሲጠፋ። ስለዚህ ስራውን ከውሃው ጀምሩት፣ ቆሻሻውም ዛፉም መሬቱም እሱን ተከትሎ ይመጣል።

መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር ክረምት ላይ እየዘነበ ከቢሮ መውጣት ነው። የእውነት እየዘነበ፣ ቦቲ አድርጋችሁ። መሀንዲሱን ያዙ፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩን ያዙ፣ ከሁሉም በላይ ግን ሰፈሩ ውስጥ ረጅም ዘመን የኖሩ ሁለት ሶስት እናቶችና አባቶች አብረዋችሁ ይውጡ፣ ምክንያቱም «ይሄ እኮ ድሮ ረግረግ ነበር፣ ከብት ነበር የሚውልበት፣ ቤት የተሰራበት አሁን ነው» የሚሏችሁ እነሱ ናቸው እንጂ ኮንሰልታንቱ አይደለም። በጋ ላይ የተሰራ ጥናት ደረቅ መሬት ብሎ የጻፈው ቦታ ሐምሌ ላይ ወንዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚተኛ፣ የማን ግቢ እንደሚገባ፣ የቱ ቱቦ እንደሚደፈን፣ የቱ ዳገት እየተናደ እንደሆነ በስልካችሁ ፎቶ እያነሳችሁ ሎኬሽኑን ያዙ፣ ኢንተርኔት ከሌለም የከተማውን ፕላን ኮፒ አድርጋችሁ በቀይ እስክሪብቶ አክብቡት፣ በቂ ነው። የድርቁን ጎን ደግሞ በጋ ላይ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ጠይቁ፣ የትኛው ምንጭ በስንተኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የትኛው የእጅ ፓምፕ አየር ብቻ እንደሚተፋ ያለ ምንም ኤክሴል ይነግሯችኋል።

አሁን ድሬዳዋን ላንሳ፣ ምክንያቱም ስለ ከተማና ጎርፍ የሚነገር ነገር ሁሉ እዛ ውስጥ አለ። 1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ እያለ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፣ ሺዎችን አፈናቀለ። ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ የሚሻገረው። ያን ሌሊት የመጣው ውሃ ደግሞ በአብዛኛው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ነው፣ ተዳፋቱ ተራቁቶ ስለነበር ዝናቡን የሚይዘው ነገር አልነበረም፣ እንዳለ ወደ ታች ለቀቀው። ከዛ በኋላ ወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሰርቷል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ግንብ ብቻውን አይበቃም፣ ከላይ አፈር እየታጠበ እስከመጣ ድረስ የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ይላል፣ ያኔ ግንቡ በተዘዋዋሪ አጠረ ማለት ነው።

እና የዚህ ሁሉ ትርጉም ምንድነው፣ ጎርፍ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። ከተማው ሌላ፣ ደጋው ሌላ አስተዳደር ስር ነው፣ በጀቱም ሪፖርቱም ለየብቻ ነው። ስለዚህ ከናንተ በላይ ያለው ወረዳ ማን እንደሆነ እወቁና ሂዱ አናግሩት። በመጀመሪያው ስብሰባ ትልቅ ነገር አትጠይቁ፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ተለዋወጡ፣ ከላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ማን ለማን እንደሚደውል በስም ተወስኖ ይጻፍ፣ ሌሊትም ቢሆን የሚነሳ ስልክ ይሁን፣ የጽህፈት ቤት መስመር ስልክ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ማንም አያነሳውም። ከታች ደግሞ መልእክቱ ከስልኩ ወደ ሰው ጆሮ እንዴት እንደሚደርስ አስቡ፣ የመስጊድና የቤተክርስቲያን ድምጽ ማጉያ አለ፣ የእድር ጡሩንባ ነፊ አለ፣ እነዚህን ሰዎች አስቀድማችሁ አናግሯቸው፣ ወዴት ሽሹ እንደሚባልም አብሮ ይወሰን ምክንያቱም «ጎርፍ መጣ» ብቻ ማለት ሰውን ወደ ጎርፉ እንዲሮጥ ሊያደርገው ይችላል። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ መግቢያ ትንበያ ያወጣል፣ እሱን ካቢኔ ላይ አንብባችሁ ፋይል ውስጥ ከመክተት ይልቅ ለነዚህ ሰዎች በቀላል ቋንቋ አድርሱት። በሁለተኛው ዓመት፣ ስትግባቡ፣ የላይኛው ተፋሰስ ስራ ላይ የናንተም በጀት እንዲገባ ተነጋገሩ። ከተማው ለደጋው እርከንና ክትር (ቦረቦር ውስጥ ውሃና አፈር የሚያስቀር መገደቢያ) ብር ያወጣል ሲባል ምክር ቤታችሁ ይጮሃል፣ ይጩህ፣ ታች ላይ ግንብ ከመስራት ይረክሳል።

በጀት ካልን፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ክረምቱም ያኔ ገብቷል፣ ስለዚህ ቦይ ማጽጃ ብር ከአዲሱ በጀት እጠብቃለሁ ካላችሁ አልቆላችኋል። ጠረጋው የሚሰራው ግንቦት ላይ ነው፣ ስለዚህ ብሩ ካለፈው ሐምሌ በጀት ላይ ራሱን ችሎ በስሙ ተቀምጦ መቆየት አለበት፣ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ከተከታችሁት ሚያዝያ ሳይደርስ በስብሰባ ሻይ ያልቃል። አዲስ ቦይ ሲሰራ ሪባን ይቆረጣል፣ ቦይ ሲጠረግ ግን ማንም አይመጣም፣ ለዛ ነው የሚረሳው። እና እባካችሁ የወጣውን ደለል እዛው ቦዩ ዳር ቆልላችሁ አትሂዱ!! የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፣ ይሄን በየከተማው የምናየው ነው፣ የሚጭን መኪና ሳይዘጋጅ ጠረጋ አይጀመር። የሰው ጉልበት የከተማ ሴፍቲኔት ያለበት ከተማ ላይ አለ፣ ፕሮግራሙ የጽዳትና የአካባቢ ልማት ስራ ያሰራል፣ ከነሱ ጋር ወሩን ማስማማት ነው።

ቦዩን የሚደፍነው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ፌስታልና ሃይላንድ። ህግ አጥተን አይደለም፣ በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፌስታል ከልክሎ ነበር፣ በ2017 ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ማስፈጸሙ ግን እናንተ ጋር ነው የሚወድቀው፣ እና እዚህ ላይ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ፣ ደንብ አስከባሪ ሁሌ የሚጀምረው ከጉሊት ነው፣ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ፌስታል ትነጠቃለች፣ በካርቶን የሚያከፋፍለው ሱቅ ግን አይነካም። ከአከፋፋዩ ጀምሩ፣ ጥቂት ናቸው፣ አድራሻቸው ይታወቃል፣ ለጉሊቷ ደግሞ በምን እንደምትሸጥ አማራጩ ቀድሞ ገበያው ላይ ይግባ። ፕላስቲክ ጠርሙሱን ቆራሌው ይለቅመዋል፣ ዋጋ ስላለው፣ የሚያከማችበት ቦታ ብትሰጡት ሌላ ምንም አይፈልግም።

ሌላው ቆሻሻ በአብዛኛው የሚበሰብስ ነው፣ ልጣጭ፣ የምግብ ትርፍ፣ ቅጠል። ይሄ ሲከመር ውስጥ ውስጡን ሚቴን ጋዝ ያወጣል፣ አየር ንብረቱን የሚጎዳው እሱ ነው፣ ክምሩ በጣም ሲበዛ ደግሞ ይናዳል። የአዲስ አበባውን የቆሻሻ ክምር ቆሼን ማን ይረሳል፣ መጋቢት 2009፣ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። አዲስ አበባ ነሐሴ 2010 ላይ እዛው ረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ አስመርቃለች፣ የኛ ከተማም እንደዛ ይሰራል የሚል ከንቲባ ካላችሁ ግን ቀስ አድርጋችሁ አብርዱት፣ የኛ ቆሻሻ እርጥብ ነው፣ ለማቃጠል አይመችም፣ ወጪውም የትንሽ ከተማ አቅም አይደለም። ለናንተ የሚያዋጣው ኮምፖስት ነው። ሲጀመር ግን ለየቤቱ ሶስት ቀለም ገንዳ አታድሉ፣ ከወር በኋላ ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኖ ነው የምታገኙት። ከአትክልት ተራ ጀምሩ፣ አንድ ቦታ ላይ በየቀኑ ንጹህ የሚበሰብስ ቆሻሻ ያለው እዛ ነው፣ ለአንድ የወጣቶች ማህበር ቦታና ውሃ ስጡት፣ የማዳበሪያ ዋጋ እንዲህ ሰማይ በነካበት ጊዜ ገዢ አያጣም። እሱ ሲሰራ ሆቴሎችን ጨምሩ፣ ቤቶቹ በመጨረሻ።

አሁን ችግኙ። አረንጓዴ አሻራ ከ2011 ጀምሮ እየተካሄደ ነው፣ የመትከል ልምዱ አለን። የጎደለው ቆጠራው ነው፣ ሐምሌ ላይ የተተከለውን ሪፖርት እናደርጋለን፣ የካቲት ላይ የቀረውን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። እናንተ የካቲት ላይ ቁጠሩ፣ ቁጥሩ ያሳፍራል፣ ቢሆንም እሱን ነው ለካቢኔ የምታቀርቡት። ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ መትከልም አያስፈልግም። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በዋናነት መሬት ውስጥ ከቀረው ጉቶና ስር ነው፣ ከብት እንዳይገባ ተደረገ፣ የሚያቆጠቁጠው ተመርጦ ተገረዘ፣ ደኑ ተመለሰ፣ ሰባት የህብረት ስራ ማህበራትም ደኑ ከአየር ላይ ለያዘው ካርቦን በተከፈለ ብር ተጠቀሙ። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ ደግሞ በእርከን፣ በክትርና ከንክኪ በመከለል ከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ ገበሬው ጉድጓድ ቆፍሮ መስኖ ጀመረ፣ በ2004 ዓ.ም የተባበሩት መንግስታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኙ። ሁለቱም ቦታ ሚስጥሩ ህዝቡ የተስማማበት መተዳደሪያ ደንብ ነው፣ ሳሩን ማን አጭዶ ይወስዳል፣ ቀፎ ማን ያስቀምጣል፣ ከብት ያስገባ ምን ይቀጣል፣ ይሄ ሳይወሰን የተከለለ ተራራ በሁለተኛው ዓመት ግጦሽ ነው።

ትራንስፖርቱን በአጭሩ፣ ትንሽ ከተማ ላይ አብዛኛው ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ጥላ ያለው የእግረኛ መንገድ ስሩለት፣ መንግስት ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ የቻርጅ ቦታም ከወዲሁ ፕላን ላይ ይኑር።

በጣም ከባዱ መሬት ነው። በቀይ ያከበባችሁት ቦታ ላይ የይዞታ ካርታ እንዳይሰጥ ምክር ቤቱ በቃለ ጉባኤ ይወስን፣ ከዛ ወንዝ ዳር ሪዞርት እሰራለሁ የሚል ባለሀብት ሲመጣ መሬት ማኔጅመንት ላይ ያለው ልጅ ብቻውን አይጋፈጥም፣ ወረቀቱን ያሳያል። እዛው ቦታ ቀድሞ የሚኖረውን ደሃ ግን በሌሊት በዶዘር አይደለም የምታነሱት፣ ለስራው ቅርብ የሆነ ምትክ ቦታ ውሃና መብራት ገብቶለት መጀመሪያ ይዘጋጅ፣ ካልሆነ ጎርፉ ያላደረሰውን ጉዳት እናንተ ታደርሱታላችሁ።

ብሩ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ገጠር ላይ የሴፍቲኔት የማህበረሰብ ስራ ከ1997 ጀምሮ እርከንና ክትር እየሰራ ነው፣ የሚሰራበትን ቦታ ካርታችሁ ላይ ባለው አደጋ መሰረት ማስመረጥ ምንም ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። ከፌደራል የአየር ንብረት ፈንድ ወይም ከድርጅቶች ለመጠየቅ ደግሞ የሰበሰባችሁት ፎቶና የየካቲቱ ቆጠራ ከማንኛውም የሚያምር ፕሮፖዛል በላይ ያሳምናል። ብቻ የውጭ ብር ይዘገያል፣ ለግንቦት የተባለው ጥቅምት ላይ ነው የሚለቀቀው፣ ስለዚህ ወቅታቸው ካለፈ የማይጠቅሙ ነገሮችን፣ የቦይ ጠረጋውን፣ የስልኩን ካርድ፣ የተከለለውን ተራራ ጥበቃ ደሞዝ በራሳችሁ በጀት ያዙ፣ የውጪውን ብር ወር ቢያልፍበት ለማይበላሽ ስራ አድርጉት።