አዋቂ ሰው የእግር ኳስ ማሊያን በአዘቦት ቀን እንዴት አሳምሮ ሊለብስ ይችላል

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሲወረድ ማሊያ የለበሰ ጎልማሳ ማየት ብርቅ አይደለም፤ የባጃጅ ሾፌሩም፣ ባለሱቁም፣ ከሥራ የሚመለሰው መምህርም ይለብሰዋል። ይሁን እንጂ አንዱ ላይ የሚያምረው ማሊያ ሌላውን ከልጁ ቁም ሣጥን ተውሶ የወጣ ያስመስለዋል። የልዩነቱ ምክንያት በአብዛኛው ቡድኑ ሳይሆን የልብሱ ልክና አብሮት የሚለበሰው ነገር ነው። ለነገሩ ለደጋፊ የሚሸጥ ማሊያ መጀመሪያ የታሰበው ለልጆች ነበር፤ አድሚራል የተባለው የእንግሊዝ አምራች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሊድስ ዩናይትድን ማሊያ ለገበያ ሲያቀርብ ዋነኞቹ ለባሾች ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ልክን መምረጥ ነው። ትልልቆቹ አምራቾች አንዱን ማሊያ በሁለት ዓይነት ያወጡታል፤ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ የሚለብሱት ከሰውነት ጋር የሚጣበቅና አርማው በሙቀት የተለጠፈ ሲሆን፣ ለደጋፊ የሚዘጋጀው ግን ሰፋ ያለና አርማው ብዙውን ጊዜ በክር የተጠለፈ ነው። ሆዱ ትንሽ ገፋ ላለ ሰው ሁለተኛው ይሻላል፤ የመጀመሪያው ለሃያ ሁለት ዓመት ሯጭ የተሰፋ መሆኑን መርሳት አይገባም። ገበያ ላይ ያለው ማሊያ በአብዛኛው ኮፒ ስለሆነ አንገቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል አምነው አይግዙ፤ ይልቁንም ለክተው የትከሻው ስፌት ትከሻዎ ላይ ማረፉን ይመልከቱ፣ እጅዎን ወደ ላይ ያንሡ፣ ከዚያም ወንበር ላይ ይቀመጡ። ቆመው ያማረብዎት ማሊያ ሲቀመጡ ሆድዎ ላይ ከተወጠረ፣ ሻጩ «እየለበሱት ይለቃል» ቢልዎትም አይስሙት፤ ፖሊስተር አይለቅም።

ቡድን መምረጥን በተመለከተ ለማንም ምክር መስጠት ድፍረት ይሆናል። የከተማው ሰው የፋሲል ከነማን ቀይና ነጭ ቢለብስ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ዐፄዎቹ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ካነሡ ወዲህ ደግሞ ማሊያው ራሱ ወሬ ማስጀመሪያ ሆኗል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጀርባው ላይ በሚጻፈው ስም ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተጫዋች ስም በማሊያ ጀርባ መጻፍ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ነው፤ ተጫዋቹ ወደ ተቀናቃኝ ቡድን በተዛወረ ማግስት ግን ቀልዱን የሚሸከመው ለባሹ ነው። ጫማውን የሰቀለ ተጫዋች፣ ለምሳሌ የአርሰናሉ ሄንሪ ከ14 ቁጥሩ ጋር፣ ከዚህ ሥጋት ነጻ ነው። ስም የሌለበት ጀርባ ከሁሉም ይሻላል እላለሁ፤ የራስን ስም ማሳተም ግን ለልደት ቀን ልጆች ይተው።

ቀጥሎ ያለው ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ከላይ ማሊያ ከተለበሰ ሌላው ልብስ ሁሉ ከስፖርት ዓለም ውጭ መሆን አለበት። ጠቆር ያለ ጂንስ ወይም ካኪ ሱሪ፣ ቀበቶ፣ የቆዳ ወይም ቀለል ያለ ስኒከር ጫማ ይበቃል፤ ቱታ ሱሪ ከተጨመረበት ሰውየው ልምምድ የረፈደበት ተጫዋች ይመስላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ይመጣል፣ ስስ ፖሊስተር ደግሞ ሙቀት አይዝም፤ በመሆኑም ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ ደግሞ ጽሑፍ የሌለበት ጃኬት ይደርቡ።

ጃኬቱ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ እሑድ ቀይ ማሊያ ለብሼ ከቤት እንደወጣሁ የጎረቤት ዘመድ ማረፉን ሰማሁና ልብስ ሳልቀይር ለቅሶ ሄድኩ፤ በቀትር ፀሐይ ዚፑን እስከ አገጬ ዘግቼ፣ ላብ በጀርባዬ እየወረደ ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። አንድ አዛውንት «ምነው ልጄ፣ አሞሃል?» ብለው እስከመጠየቅ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ፣ ቤተ ክርስቲያንና ሽምግልና ባለበት ቀን ማሊያው ከቤት አይወጣም።

በመጨረሻ አጠባው ይቀራል፤ ብዙ ማሊያ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ፖሊስተር ላብና ዘይት ስለሚይዝ የወጥ ቅባት ከነካው ሳይውል ሳያድር በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ማሸት፣ ከዚያም ገልብጦ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ማጠብ ይገባል። በረኪና ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ጠንካራ ብሩሽም ቁጥሩን ይልጠዋል። እንደተገለበጠ ጥላ ውስጥ ይሰጣ፤ የደጋ ፀሐይ ቀዩን ቶሎ ያደበዝዘዋል። ካውያ ሳያስፈልገው ይደርቃል፣ የግድ ከሆነም በጨርቅ ተሸፍኖ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ቁጥሩንና አርማውን ሳይነካ ይተኮስ። ቡና በሚፈላበት ቦታ ደግሞ ከከሰሉ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ከምድጃው የፈናጠረች አንዲት ፍም ፖሊስተሩን አቅልጣ በስፌት የማይደፈን ቀዳዳ ትተውበታለች።