ለሥዕል ዋጋ ሲወጣ መጀመሪያ ሜትር ይነሣ
ሠዓሊዎች፣ የሥዕላችሁን ዋጋ ገዢው ፊት ቆማችሁ አትወስኑ። ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ልባችሁም ገና ከሸራው ሳይላቀቅ የሚጠራ ዋጋ ወይ ይንራል ወይ ይረክሳል። እኔ ቁመቱንና ወርዱን ደምሬ፣ ለአንድ ሴንቲ ሜትር አስቀድሜ በቆረጥሁት ዋጋ አባዛለሁ፤ የሸራው፣ የቀለሙና የፍሬሙ ወጪ ለብቻው ይታከላል።

መደመሩ ለምን? 40 በ50 የሆነ ሥዕል ድምሩ 90፣ 60 በ80 የሆነው 140 ነው፤ ትልቁ የትንሹን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ያወጣል። በስፋት ቢሰላ ግን ከ2000 ወደ 4800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይዘላል፤ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ይሆንና ትልልቆቹ ሥዕሎች ገዢ ያጣሉ።

አንዱን ሥዕል አብልጣችሁ ከወደዳችሁት ዋጋውን አትስቀሉ፤ ለጊዜው ከሽያጭ አውጥታችሁ መሥሪያ ክፍላችሁ ውስጥ አቆዩት።