በአሮጌ ቶዮታ ላይ የአልሙኒየም ራዲያተር መግጠም

መኪናችሁ የዓባይን በረሃ የመሰለ ዳገት ሲወጣ ሙቀቱ ከልክ የሚያልፍ ከሆነ፣ ትልቅ ራዲያተር ከመግዛታችሁ በፊት ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ) እና የውሃ ፓምፑን አስፈትሹ፤ ቴርሞስታቱ ካልተከፈተ ውሃው ወደ አዲሱ ራዲያተር ስለማይደርስ ወጪው ከንቱ ነው። ቴርሞስታቱን ጨርሶ ማውጣት ግን፣ በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም፣ ሞተሩ ተገቢውን የሥራ ሙቀት እንዳያገኝ ስለሚያደርግ አይመከርም።

ጥፋቱ የራዲያተሩ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ባለሁለት ረድፍ ቱቦ የአልሙኒየም ራዲያተር መርጣችሁ የማኒኮቶዎቹን (ውሃውን የሚያመላልሱትን የጎማ ቱቦዎች) መግቢያና የማሰሪያ ቦታዎቹን ከነባሩ ጋር አስተያዩ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የራዲያተሩን ክዳን አትክፈቱ። አሮጌውን ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በዕቃ ተቀበሉ፤ የደረቁትን ማኒኮቶዎችም አብራችሁ ለውጡ። የቬንትሌተሩ (የማራገቢያው) መከለያ ተመልሶ ካልተገጠመ፣ አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ በማለፍ ፈንታ በጎን ይሳባል።

ክዳኑ ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ስለሚያደርግ፣ አምራቹ ያዘዘው ግፊት ያለው ይሁን። በአዲስ አበባ ከፍታ ንጹሕ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ ደካማ ክዳን በደጋ አገር የባሰ ጉዳት አለው። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ከሞላችሁ በኋላ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ ከፍታችሁ፣ የታመቀው አየር እስኪወጣ ሞተሩን አሠሩ፤ ሲቀዘቅዝ የጎደለውን ሙሉ።