ለሞግዚትነት ወደ ዓረብ አገር ለምትሄድ እህት፦ ወጪው የማን ነው?

ለሞግዚትነት ወይም አረጋውያንን ለመንከባከብ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የምትዘጋጅ እህት ካለችዎት፣ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ወጪው የማን እንደሆነ አብረዋት ያጣሩ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የመድን ሽፋንን ወጪ በአሠሪው ላይ የጣለ ሲሆን፣ ለሠራተኛዋ የተወው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት ያሉትን ነው። ስለዚህ «የቪዛ» ወይም «የቲኬት» እያለ ብር የሚጠይቅ ደላላ፣ በሰፈሩ የቱንም ያህል ቢታመን፣ ሊያሳስበን ይገባል። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያረጋግጡ። ደመወዙ፣ የሳምንት ዕረፍቱና የሥራው ዓይነት በውሉ ላይ በግልጽ መስፈሩን ሳታይ እንዳትፈርም፤ ሕፃን ለመያዝ የተቀጠረች ልጅ የዘመድ አዝማዱን ቤት ሁሉ እንድታጸዳ የምትገደደው በዚህ ክፍተት ነው። ከመሄዷም በፊት የውሉንና የፓስፖርቷን እያንዳንዱን ገጽ በስልክ አንስታ ለቤተሰቧ ትላክ።